ዱቄት ያጣው ጦር፦ የሴንት ክሌር ዘመቻ ስንቅና አስተዳደር፣ 1791

በኦክቶበር 31 ቀን 1791፣ ዛሬ ምዕራብ ኦሃዮ በሚባለው ጫካ ውስጥ፣ 60 የሚሆኑ የኬንታኪ ሚሊሻዎች ሰፈሩን ጥለው ወደ ኋላ ሄዱ። ሲሄዱም መንገድ ላይ የሚያገኙትን የዱቄት ጭነት እንዘርፋለን ብለው ዝተው ነበር። የአሜሪካው ጦር አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አርተር ሴንት ክሌር በእጁ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ልምድ ያለውን አንደኛ ሬጅመንት፣ 300 ያህል ሰው፣ በሜጀር ጆን ሃምትራምክ መሪነት ወደ ኋላ ላከ። ከዳተኞቹን መያዝ ቢቻል ጥሩ ነው፤ ዋናው ትእዛዝ ግን የሚመጣውን ዱቄት ማስጠበቅ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 4 ንጋት ላይ፣ በዋባሽ ወንዝ መነሻ የሰፈረው ጦር በአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች ተዋጊዎች ተከበበ። በሦስት ሰዓት ገደማ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። አንደኛ ሬጅመንት ገና አልተመለሰም ነበር።

ስለ ውጊያው ብዙ ተጽፏል። እዚህ የምንከተለው ዱቄቱን ነው፦ ማን ገዛው፣ ማን ጫነው፣ የት ቆመ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወቅቶቹም የዚያው አገር ናቸው፦ በጋ ስንል ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ሙቀት፣ ክረምት ስንል የዓመቱ መጨረሻ ብርድ ነው።

ዕቅዱና የጊዜው ሒሳብ

ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ያለው ምድር የማያሚ፣ የሾኒ፣ የዴላዌርና የሌሎች ሕዝቦች አገር ነበር። አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት ግን መሬቱን እየሸነሸነ ለሰፋሪ መሸጥ ጀምሯል። በ1790 የዘመተው የጆሳያ ሃርማር ጦር ተመትቶ ሲመለስ፣ ኮንግረስ በማርች 3 ቀን 1791 ሁለተኛ ሬጅመንት እንዲቋቋምና እስከ 2,000 የሚደርሱ የስድስት ወር ምልምሎች እንዲቀጠሩ ፈቀደ። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ኖክስ ያወጣው ዕቅድ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጦሩ እስከ ጁላይ 10 ድረስ ዛሬ ሲንሲናቲ ባለችበት በፎርት ዋሽንግተን ይሰበሰባል፤ ከዚያ በየመንገዱ ምሽግ እየሠራ ወደ ማያሚ መንደሮች ይዘልቃል።

ስድስት ወር የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የምልምሉ ጊዜ የሚቆጠረው ከፈረመበት ቀን ነው እንጂ ዘመቻው ከተጀመረበት አይደለም። በኤፕሪል የፈረመ ሰው ኦክቶበር ላይ ነፃ ሰው ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲጠበቅ ያለፈው እያንዳንዱ ሳምንት ከወታደሩ የአገልግሎት ዘመን ላይ ነበር የሚቀነሰው።

ቀለቡ የሦስት ቤት ጉዳይ ነበር

ምግብ የሚገዛው በኮንትራት ነው። የጦር ሚኒስቴር ምን ያህል ሰው የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ ውሉን የሚዋዋለውና ገንዘቡን የሚከፍለው አሌክሳንደር ሃሚልተን የሚመራው ግምጃ ቤት ነው። ተቋራጩ በየምሽጉ በተቆረጠ ዋጋ፣ በአንድ ሰው የአንድ ቀን ቀለብ ታስቦ ያስረክባል። ሥራውን እንዲጀምርበት ቅድሚያ ክፍያ ይወስዳል። ከዋጋው የተረፈው ትርፉ ስለሆነ፣ ዘግይቶ መግዛት፣ ጥቂት ፈረስ መያዝና ርካሽ ሰው መቅጠር ሁሉ ኪሱን ያደልብለታል። የዘገየ ዱቄት የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ በእሱ ደብተር ላይ አይጻፍም።

የ1791ን ውል በመጀመሪያ የፈረመው ቴዎዶሲየስ ፋውለር ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1791 ወደ ዊልያም ዱየር ተላለፈ። ዱየር የሃሚልተን ምክትል ሆኖ የሠራ፣ ከኖክስም ጋር በመሬት ንግድ የተሻረከ የኒው ዮርክ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ልቡ ያለው ቦንድና የባንክ አክሲዮን ላይ ነበር። ፒትስበርግ ያለው ወኪሉ ገና በፀደይ ወር ከተቋራጩ ምንም ገንዘብ አልደረሰኝም ብሎ ጽፏል። ለጦሩ ቀለብ የተሰጠ የመንግሥት ገንዘብ ኒው ዮርክ ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር።

ከምግብ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ጀልባ፣ ፈረስ፣ ድንኳን፣ መሣሪያ፣ መኖ፣ የኳርተርማስተሩ የሳሙኤል ሆጅደን ኃላፊነት ነው። ሆጅደን ጁን ላይ ፒትስበርግ ደረሰ። ፎርት ዋሽንግተን የገባው ግን በሴፕቴምበር ነው። እርግጥ በበጋ የኦሃዮ ወንዝ ውሃ ስለሚቀንስ የጫነ ጀልባ አሸዋ ላይ ይቀራል፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነበር። ሦስት ወር የሚያስቆይ ግን አይደለም። ሴንት ክሌር በሜይ አጋማሽ ፎርት ዋሽንግተን ሲገባ ለግዳጅ የሚሆን ያገኘው ሰው መቶ አይሞላም ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ የጄኔራሉንም የኳርተርማስተሩንም ሥራ ደርቦ ያዘ።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ሰፊው ክፍተት ማጓጓዣው ላይ ነው። ዱቄቱ ከፎርት ዋሽንግተን ወደ ጫካው የሚገባው በተቋራጩ ፈረሶች ነው፤ የጦሩ ጓዝ ደግሞ በኳርተርማስተሩ ፈረሶች። የተቋራጩ ፈረሶች ቢያንሱ ማን ይሸፍናል? ለዚህ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። ኦክቶበር ላይ የሁለቱም ፈረሶች ተሰብስበው ዱቄት እንዲያመጡ ወደ ኋላ ተላኩ፤ ፈረሶቹ እስኪመለሱ ጦሩ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

አንድ ፓውንድ ዱቄት

በኤፕሪል 30 ቀን 1790 ሕግ መሠረት የአንድ ወታደር የቀን ቀለብ ይህ ነው፦ 1 ፓውንድ የበሬ ሥጋ ወይም ሦስት አራተኛ ፓውንድ የአሳማ ሥጋ፣ 1 ፓውንድ ዳቦ ወይም ዱቄት፣ ግማሽ ጂል (60 ሚሊ ሊትር ገደማ) ሩም፣ ብራንዲ ወይም ውስኪ። በየ100 ቀለቡ 1 ኳርት ጨው፣ 2 ኳርት ኮምጣጤ፣ 2 ፓውንድ ሳሙናና 1 ፓውንድ ሻማ ይጨመራል። ፓውንዱ 454 ግራም መሆኑን አንርሳ።

ሥጋው በራሱ እግር ይሄዳል፤ ከብቱ ከጦሩ ኋላ ይነዳል። ዱቄት ግን ጀርባ ይፈልጋል። ስሌቱን በግርድፉ እንሥራው። ለ2,000 ሰው በቀን 2,000 ፓውንድ ዱቄት ያስፈልጋል። አንድ አጋሰስ በጫካ መንገድ 200 ፓውንድ ያህል ቢጭን፣ በቀን የ10 ፈረስ ጭነት ይበላል ማለት ነው። ከፎርት ዋሽንግተን ጦሩ በኦክቶበር እስከ ሠራው ምሽግ እስከ ፎርት ጄፈርሰን 67 ማይል (108 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው። የጫነ ፈረስ በቀን 15 ማይል ቢሄድ፣ መሄጃው፣ መመለሻውና ማረፊያው ተደምሮ 10 ቀን ይፈጃል። እንግዲህ ለዱቄቱ ብቻ 100 ፈረስ ያለማቋረጥ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ለሠራዊቱ ሴቶች፣ ለጋሪ ነጂዎች፣ ለታመመና ለጠፋ ፈረስ የተያዘ መጠባበቂያ እዚህ ውስጥ የለም።

ይህ ሁሉ ፈረሱ በየመንገዱ ሣር ሲያገኝ ነው። ኦክቶበር ላይ ውርጭ ጣለና ሣሩን አቃጠለው። ሣር የሌለው ፈረስ በቀን 10 ፓውንድ በቆሎ ቢበላ፣ በ10 ቀን ዙር 100 ፓውንድ፣ ማለትም የሚጭነውን ግማሽ ለራሱ ይፈልጋል። ጁላይ ላይ 100 ፈረስ የሚበቃው መንገድ ኦክቶበር ላይ 200 ይጠይቃል። የሦስት ወሩ መዘግየት ዋጋ ከምንም በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ጦሩ የሄደው በዚያው መንገድ ቢሆንም በሌላ ወቅት ነበር።

ኮርቻ፣ ቃጭልና መጥረቢያ

የጭነት ኮርቻዎቹ ፊላደልፊያ ተሠርተው ተራራ አቋርጠው መጡ። ፒትስበርግ እስኪደርሱ የወጣባቸው የማጓጓዣ ወጪ ብቻ ኮርቻው ፒትስበርግ ከሚገዛበት ዋጋ ይበልጥ ነበር። ሲደርሱ ደግሞ ለአገሩ ፈረስ ሰፊ ሆነው ተገኙ። ጭነት የለመደ ሰው የዚህን ውጤት ያውቀዋል፤ ሰፊ ኮርቻ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የፈረሱ ጀርባ ይገጠባል፣ የተገጠበ ፈረስ ደግሞ ለሳምንታት ጭነት አይነካም።

ፈረሶቹን እንዲያስተዳድሩ የተቀጠሩት ሰዎች ለጫካ እንግዳ ነበሩ። በዚያ ድንበር ያለ አጋሰስ ነጂ ማታ ፈረሱን ሲለቅ የፊት እግሮቹን በማሰሪያ ያስራል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ያንጠለጥላል፤ ጠዋት የሚገኘው በቃጭሉ ድምፅ ነው። ለዚህ ጦር መጀመሪያ ላይ ማሰሪያም ቃጭልም አልቀረበም። ፈረሶች ጠፉ፣ ተሰረቁ፤ የቀሩትን ለመሰብሰብ ደግሞ የጉዞው ግማሽ ቀን ያልቅ ነበር።

ድንኳኑ ስስ ስለነበር ዝናብ ያስገባል፤ ከሥሩ የተቀመጠ ባሩድ ይርሳል። በኋላ የቀረቡ ምስክሮች ስለ ባሩዱ ጥራት አልተስማሙም፤ ከመጀመሪያውም መጥፎ ነበር ያሉ አሉ፣ እርጥበት ነው ያበላሸው ያሉም አሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ለተኳሹ ያው ነው። ጠመንጃዎቹ ሳይጠገኑ መጡ፤ የመድፍ ሠረገሎቹም መታደስ ነበረባቸው። ፎርት ዋሽንግተን በዚያ በጋ ከጦር ሰፈርነቱ ይልቅ ወርክሾፕ መሰለ፤ አንጥረኛው፣ አናጢው፣ በርሜል ሠሪው፣ ጥይት ቋጣሪው ሁሉ ከወታደሩ መካከል ተለቅሞ ይሠራል። መልመጃ የሚሠራበት ጊዜ እዚያ አለቀ።

የመጥረቢያው ነገር ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። በሴፕቴምበር ጦሩ ከፎርት ዋሽንግተን 23 ማይል ርቆ በግሬት ማያሚ ወንዝ ዳር ፎርት ሃሚልተንን መሥራት ጀመረ። ሴንት ክሌር ራሱ አሠራሩን ዘርዝሮ ጽፎታል። የምሽጉ ዙሪያ 1,000 ጫማ ያህል ነው። በዙሪያው 3 ጫማ ጥልቀት ያለው ጉድባ ይቆፈራል፤ እዚያ ውስጥ የሚተከለው ቋሚ 2,000 ይደርሳል። ዛፉ ቀጥ ያለና ከ9 እስከ 12 ኢንች ውፍረት ያለው መሆን አለበት፤ ከዚያ ከወፈረ ሰው አይሸከመውም። እንዲህ ያለውን ዛፍ ለማግኘት ጫካው ውስጥ ብዙ መዞር ግድ ነው። ተቆርጦ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ፣ በ20 ጫማ ቁመት ተከርክሞ በሰው ትከሻ ይመጣል። ታችኛው ጫፍ ጉድባው ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይስተካከላል፣ ጎኑም ከጎረቤቱ እንዲገጥም ይጠረባል። ከላይ አካባቢ ዙሪያውን ማገር ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቋሚ ከማገሩ ጋር በጠንካራ የእንጨት ችካል ይያያዛል፣ አለዚያ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ ያዘማል። አፈሩ ተመልሶ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል። ከውጭ በ3 ጫማ ርቀት ለዝናብ ውሃ መሄጃ ሌላ ጥልቀት የሌለው ቦይ ይወጣል። ከዚያ ከውስጥ በኩል፣ በየሁለቱ ቋሚ መካከል ያለውን ክፍተት የሚደፍን ሁለተኛ ረድፍ ይተከላል፤ ይህም ሌላ 2,000 ነው።

ለዚህ ሁሉ ከኳርተርማስተሩ የተገኘው መጥረቢያ 80 ብቻ ነበር፣ እሱም ብረቱ ለስላሳ። 80 መጥረቢያ ማለት በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው 80 ሰው ነው፤ ከሺህ በላይ የሆነው የቀረው ሕዝብ ተራ ይጠብቃል፣ እስከዚያው ግን ቀለቡን ይበላል። ሁለት ሳምንት ገደማ የፈጀው ምሽግ መጥረቢያው በቂ ቢሆን በጥቂት ቀናት ያልቅ እንደነበር ለመገመት ጄኔራል መሆን አያስፈልግም።

ሁለት ዶላር

የተራ ወታደር ደመወዝ በወር 3 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 90 ሳንቲም ለልብስ፣ 10 ሳንቲም ለሕክምና ይቆረጣል፤ 2 ዶላር ይቀራል። ሆኖም ከጦሩ ጋር የሚጓዝ ደመወዝ ከፋይ አልነበረም። ጊዜያቸው ያለቀ ምልምሎች ሲሰናበቱ የተሰጣቸው የአገልግሎት ጊዜያቸውን የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ ብዙዎቹ ወረቀቱን እዚያው በርካሽ ሸጠው ሄዱ። ጫማውና ልብሱም ዘመቻውን አልዘለቀም። ልብሱ ያለቀበት ምልምል አዲስ ልብስ ለማግኘት ሲል ብቻ ለመደበኛው ጦር ይፈርም ነበር።

ኦክቶበር

ጦሩ በኦክቶበር 4 ከፎርት ሃሚልተን ተነሣ። መንገድ እየጠረገ ስለሚሄድ በቀን ጥቂት ማይል ብቻ ይገፋ ነበር። 44 ማይል ርቆ ፎርት ጄፈርሰንን ሊሠራ ቆመ፣ እስከ ኦክቶበር 24 ድረስም እዚያ ነበር። በዚህ መሃል የዱቄቱ ቀለብ በግማሽ ተቀነሰ። ምሽጉ ሲያልቅ 6 ማይል ብቻ ተጉዞ እንደገና ቆመ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል የጠበቀው ዱቄት ነበር። የቨርጂኒያ ምልምሎች ጊዜያችን አልቋል እያሉ መሄድ ጀመሩ። ሴንት ክሌር በሪህ ታሞ አንዳንዴ ፈረስ ላይ መውጣት እንኳ ያቅተዋል። ሆጅደን ጭነቱን እንዲገፋ ፎርት ዋሽንግተን ቀርቷል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ነው የ60ዎቹ ሚሊሻዎች መክዳት የመጣው። ሴንት ክሌር አንደኛ ሬጅመንትን በመላኩ ብዙ ሰው ይወቅሰዋል። በጎኑ ቆመን ካየነው ግን ምርጫው ጠባብ ነው። የሚመጣው ጭነት ከተዘረፈ ጦሩ ያለ ውጊያ ይበተናል፤ ሚሊሻን ሚሊሻ እንዲያሳድድ ቢልክ የሚመለስ ላይኖር ይችላል። ስህተቱን እኛ የምናየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሬጅመንቱ ሳይመለስ ጦሩ ወደ ፊት ቀጠለ። ኖቬምበር 3 ማታ ዋባሽ ዳር ሲሰፍሩ፣ ነገ ለጓዙ መጠበቂያ ትንሽ ምሽግ ሠርተን ሬጅመንቱ ሲደርስ እናጠቃለን የሚል ሐሳብ ነበረው። የማያሚው መሪ ሊትል ተርትልና የሾኒው መሪ ብሉ ጃኬት የመሯቸው ተዋጊዎች ነገን አልጠበቁም። በቦታው የነበረው ጦር 1,400 ገደማ ነው። መድፎቹ በሙሉ እዚያው ቀሩ፤ ምክትል አዛዡ ሪቻርድ በትለርም ተገደለ።

የተረፉት 29 ማይል ሮጠው በዚያው ቀን ማታ ፎርት ጄፈርሰን ደረሱ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ቀለብ በምሽጉ አልነበረም። ስለዚህ መሄድ የቻለው በዚያው ሌሊት ዱቄቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ጉዞውን ቀጠለ።

ኮሚቴው

በማርች 27 ቀን 1792 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሽንፈቱን ምክንያት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። የአሜሪካ ኮንግረስ በአስፈጻሚው አካል ላይ ያካሄደው የመጀመሪያ ምርመራ ይህ ነው። ኮሚቴው ሰነድ ሲጠይቅ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ አማከረ፤ ሕዝብን የሚጎዳ ወረቀት መከልከል ይቻላል ተባለ፣ ሆኖም የተጠየቀው ሁሉ ተሰጠ። በዚያው ማርች ዱየር ከሠረ፤ ውድቀቱ የኒው ዮርክን ገበያ ይዞት ወረደ። በዕዳ ወህኒ ገባ፣ በ1799 እስኪሞት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው እስረኛ ሆኖ ነው።

ኮሚቴው በሜይ 8 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ሴንት ክሌርን ነፃ አወጣ። ምክንያት ብሎ የዘረዘረው የዝግጅቱን መዘግየት፣ በኳርተርማስተሩና በተቋራጩ በኩል የታየውን ጉድለት፣ እንዲሁም የጦሩን ልምድና ሥርዓት ማነስ ነው። ኖክስና ሆጅደን ተቃወሙ፣ ኮሚቴው በ1793 ተጨማሪ ሪፖርት አመጣ፣ ምክር ቤቱ ግን ሳያጸድቀው ቀረ።

ያው ሜይ 8 የወጣ ሕግ ለጦሩ ደመወዝ ከፋይ አቋቋመ፤ ለጦሩ የሚገዛውን ዕቃ ሁሉ መግዛትንም ለግምጃ ቤት ሰጠ። የመጀመሪያው ጥሩ ሥራ ነው። ሁለተኛው ግን በሽታውን የሳተ መድኃኒት ይመስለናል። የዱየርን ውል የያዘው ራሱ ግምጃ ቤቱ ነበርና። የቀለብ ኮንትራት ሥርዓቱ ቀጥሎ በ1812ቱ ጦርነትም ጄኔራሎችን ሲያስለቅስ ኖረ፤ የቀረው በኤፕሪል 1818 የቀለብ ኮሚሳሪ ጄኔራል መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቁሞ፣ ጦሩ ምግቡን በራሱ መኮንኖች መግዛት ሲጀምር ነው።

የሴንት ክሌር ተተኪ አንቶኒ ዌይን 1818ን መጠበቅ አይችልም። የተሰጡት ተቋራጮች ኤሊየትና ዊልያምስ ናቸው፤ በእነሱም ላይ ያማርር ነበር፤ የኳርተርማስተርነቱን ቦታ ጄምስ ኦሃራ ይዟል። ዌይን የለወጠው ቅደም ተከተሉን ነው። ወታደሩን መጀመሪያ አሠለጠነ፤ የ1793ን ክረምት በግሪንቪል ምሽግ አሳለፈ፤ ቀለቡ ወደ ፊት ሳይከማች አልተንቀሳቀሰም፤ ጭነት ያለ አጃቢ እንዳይወጣ አደረገ። በዲሴምበር 1793 ሰዎቹ ሴንት ክሌር የተሸነፈበት ቦታ ላይ ፎርት ሪከቨሪን ሲሠሩ፣ ድንኳን ለመትከል መጀመሪያ የሰው አጥንት መልቀም ነበረባቸው። በጁን 30 ቀን 1794 ከሺህ በላይ ተዋጊዎች በዚያ ምሽግ ላይ ሲመጡ በቀዳሚነት የመቱት አጥሩን አልነበረም። ዱቄቱን አራግፎ ከአጃቢዎቹ ጋር ለመመለስ የተዘጋጀውን፣ 300 የሚሆኑ አጋሰሶች የነበሩበትን ጓዝ ነበር። የአጃቢው አዛዥ ሜጀር ዊልያም ማክማሆን ተገደለ፣ ከፈረሶቹም ብዙዎቹ ተወሰዱ። ዱቄቱ ግን ምሽጉ ውስጥ ገብቶ ነበር።